ብራና ፊደል እስኪያገኝ

የእጅ ጥበብን መተዳደሪያ አድርጎ ለሚነሣ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ጊዜ ገንዘብና ጉልበት እየወጣ ለዐይን የሚታይ ነገር የማይገኝበት ነው። በብራና መጽሐፍ ሥራ ይህ ጊዜ ቆዳው ከተገዛበት ቀን አንሥቶ የመጀመሪያው መስመር እስኪጻፍ ድረስ ያለው ነው። ጀማሪ ሥራውን የሚተወው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው፤ መጻፍ አቅቶት ሳይሆን መጻፉ ላይ ሳይደርስ።

መጻፉማ ከዜማ ቤት ለወጣ ሰው አዲስ አይደለም። በታች ጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ፣ ማስመስከሪያ ናት። ድጓን በሌላ ጉባኤ ቤት የተማረ ሰው ዜማውን የሚያጸናውና ለመምህርነት የሚያስመሰክረው እዚያ ነው። በቀደመው ሥርዐት ተማሪው ድጓውን ራሱ ይጽፋል፤ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ከቃሉ በላይ የሚሰፍሩትን ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋትና ሌሎቹንም የዜማ ምልክቶች ጭምር። ጽሕፈትና ትምህርት አብረው በኖሩበት በዚህ አገር ከዜማ ቤት የወጣ ሰው ብርዕ መያዝ አይቸግረውም። የሚቸግረው ሙያውን ወደ ገበያ ሲያወጣው ነው። ለራሱ ሲጽፍ ማንም ቀን አይቆጥርበትም ነበር፤ ቀብድ የሰጠ ደንበኛ ግን ይቆጥራል።

‹ብራና ዳምጦ፣ ቀለም በጥብጦ› የሚለው አነጋገር ሁለት አጭር ሐረግ ቢመስልም የብዙ ሳምንት ሥራ ነው። የፍየሉ ቆዳ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይሰነብታል። ከዚያ ዙሪያው እየተበሳ ከእንጨት በተሠራ ክፈፍ ላይ በገመድ ይወጠራል። በሥጋው በኩል ያለው ስብና ስስ ሥጋ በስለት ይፋቃል፣ ፀጉሩ ይነሣል፣ በሻካራ ድንጋይ ይታሻል፣ ይደርቃል። ፋቂው እጁን ትንሽ ካከበደ የተወጠረው ቆዳ ይቀደዳል፤ ሳይታይ የቀረ የቢላ ጭረት ደግሞ ቆዳው ሲወጠር ወደ ክብ ቀዳዳ ይሰፋል። በጥንት መጻሕፍት ውስጥ ፊደሉ ቀዳዳውን ዞሮ ሲያልፍ ወይም ስንጥቁ በክር ተሰፍቶ ሲታይ የዚያ ቀን ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ይታወቃል። ጸሐፊው ቆዳውን አልጣለውም፤ ቆዳ ውድ ነበርና። ዛሬም ጀማሪው ሊማረው የሚገባው ትልቁ ነገር ይኸው ይመስላል። የመጀመሪያዎቹ ቆዳዎች እንከን ይኖራቸዋል፤ እንከኑን አቅፎ የሚሄድ ገጽ ማዘጋጀትም የሙያው ክፍል ነው።

ከዚያ በኋላ ሒሳቡ ይመጣል። ድጓ ትልቅ መጽሐፍ ነው። ከአንድ የፍየል ቆዳ ሁለት ሰፋፊ ቅጠል ቢወጣ፣ 200 ቅጠል ላለው መጽሐፍ 100 ቆዳ ያስፈልጋል። ጀማሪው ዋጋ ሲቆርጥ የሚያስበው የሚጽፍባቸውን ቀኖች ነው፤ የፋቀባቸውን፣ በወስፌ እየወጋ ያሰመረባቸውን፣ የተበላሹትን ቆዳዎችና በመጨረሻ ገበታና ቆዳ አልብሶ የሚደጉስባቸውን ቀኖች አያስገባም። በዚህ ዓይነት የተቆረጠ ዋጋ መጽሐፉ ሳይጋመስ ያልቃል። ቀብዱን ለቤት ወጪ የነካ ሰው ደግሞ ያንን ለመሙላት ሌላ ትእዛዝ ይቀበላል፤ ሁለት ያልተጀመሩ መጻሕፍት በአንድ ክፈፍ ላይ ይሻማሉ።

መፍትሔው በቅደም ተከተሉ ውስጥ ነው። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት፣ ከተቆላ እህልና ከቅጠል ተበጥብጦ የሚብላላበት ጊዜ ስለሚፈልግ ከቆዳው ቀድሞ መጀመር አለበት። ቆዳ በፋሲካና በገና ሰሞን፣ ጾም ተፈትቶ እርድ በሚበዛበት ጊዜ፣ በብዛት ይገኛል፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመሸመት ግን እጅ ሊፍቀው የሚችለውን ያህል መውሰድ ይሻላል፣ ጥሬ ቆዳ ብዙ አይቆይምና። ክፍያውም አንድ ጊዜ በቀብድ፣ አንድ ጊዜ በርክክብ ከሚሆን፣ ብራናው ተፍቆ ሲያልቅ፣ የመጀመሪያው ጥራዝ ሲጻፍና መጽሐፉ ሲደጎስ ተከፋፍሎ ቢሰጥ ለሁለቱም ወገን ይበጃል። ደንበኛው ባዶውን ብራና በእጁ ዳሶ፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ ሲያየው ገንዘቡ የት እንደገባ ይገባዋል።

ትንሽ ሥራ በጎን መያዝም ያስፈልጋል። መልክአ ማርያምን የያዘ የኪስ መጽሐፍ ጥቂት ቆዳ ይበቃዋል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ቶሎ ይሸጣል። ለዕለት ጉርስ ይሆናል፤ ከሁሉ በላይ ግን ትልቁ መጽሐፍ ገና ክፈፍ ላይ ሳለ ጸሐፊው የጨረሰው ነገር እንዲኖረው ያደርጋል። የታተመ ድጓ በቀላሉ በሚገኝበት በዛሬው ጊዜ ብራና የሚፈልገው ገዢ የሚመጣው ለእጁ ሥራ ብሎ ነው፤ ስለዚህ ለሁሉም ዐይነት ገዢ የሚሆን ርካሽ ብራና ለመሥራት መሞከር ጀማሪውን ከማድከም በቀር አይጠቅምም።

በሌላ የእጅ ሥራ፣ ፍሬ የማይታይበትን ያንኑ አስቸጋሪ ጊዜ በኅብረት ለመሻገር የሞከሩ ሰዎችም ቤተ ልሔም ካለችበት አካባቢ ተነሥተዋል። እስቴ የተወለዱት ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. በፎገራ ወረዳ የአውራምባን ማኅበረሰብ መሠረቱ። በደርግ ዘመን ማብቂያ አባላቱ ወደ ቦንጋ ተሰደዱ፤ በ1985 ዓ.ም. ሲመለሱ ያገኙት መሬት ለእርሻ የማይበቃ ትንሽ ነበር። መሬቱ ስላነሰ ወደ ሽመና ዞሩ። ሽመናም እንደ ብራና ነው፤ ጥጡ ተዳምጦ፣ ተባዝቶ፣ ተፈትሎ፣ ድሩ እስኪደራ ድረስ አንድ ክንድ ጨርቅ አይታይም። አውራምባዎች ሥራውን የወንድና የሴት ብለው አልከፋፈሉትም፤ ወንዱም ይፈትላል፣ ሴቷም ትሸምናለች። በሌላው ቤት የሸማኔው እጅ ክር ሲጠብቅ የሚባክነው ጊዜ በዚህ ይቀንሳል። ገቢው የጋራ መሆኑም ጨርቁ ያልተሸጠለት ሰው በዚያ ሳምንት እንዳይራብ አድርጎታል። ብቻውን የሚሠራ ጸሐፊ ይህ የለውም፤ ፋቂና ጸሐፊ ሁለት ሰው ሆነው ቢጣመሩ ግን የዚህን ግማሽ ያገኛሉ፤ አንዱ የነገውን ጥራዝ ሲፍቅ ሌላው የዛሬውን ይጽፋል።

የመጀመሪያው ጥራዝ ከተጻፈ በኋላ ሥራው ይለወጣል። በቀን ስንት ዐምድ እንደሚወጣ፣ አንድ ብልቃጥ ቀለም ስንት ቅጠል እንደሚያደርስ፣ ቀዩ ቀለም የት የት እንደሚገባ በቁጥር ይታወቃል። ለደንበኛው የርክክብ ቀን መቁረጥ ያለበትም ያን ጊዜ ነው፣ ከዚያ በፊት አይደለም።