ፍላቮኖይድና የኦቫሪ ካንሰር፦ ተረትና እውነታ

ፍላቮኖይዶች በቀይ ሽንኩርት፣ በሻይ ቅጠል፣ በአኩሪ አተርና በፍራፍሬ ውስጥ የሚገኙ የዕፅዋት ውህዶች ናቸው። የኦቫሪ ካንሰርን ይገድላሉ የሚለው ወሬ ከባዶ አልተነሣም። ኩዌርሴቲን፣ አፒጀኒን ወይም ኬምፕፌሮል የተባሉት ፍላቮኖይዶች በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ላደጉ የኦቫሪ ካንሰር ሴሎች ሲጨመሩ የሴሎቹ መከፋፈል ይዘገያል፤ አንዳንዶቹም ራሳቸውን በራሳቸው ያጠፋሉ። ኬምፕፌሮል ደግሞ ዕጢው አዲስ የደም ሥር ለማብቀል የሚጠቀምበትን ፕሮቲን እንደሚቀንስ ታይቷል።

ስሕተቱ የሚጀምረው ይህ ውጤት ከሳህኑ ወደ ማዕድ ሲሻገር ነው። በሙከራዎቹ የሚጨመረው መጠን ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 100 ማይክሮሞላር ይደርሳል፤ ሽንኩርት በበላ ሰው ደም ውስጥ ያለው ኩዌርሴቲን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ማይክሮሞላር አያልፍም። እሱም ቢሆን ሴሎቹ ላይ የተሞከረው ንጹሕ ኩዌርሴቲን አይደለም፤ አንጀትና ጉበት ከሌሎች ሞለኪውሎች ጋር አጣምረው ይለውጡታል። አብዛኛው ወጥ በቀይ ሽንኩርት በሚጀመርበት የኢትዮጵያ ማዕድ እንኳ ልዩነቱ በመብላት አይሞላም።

በደም ሥር ቢሰጥስ? ይህም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ የብሪታንያ ጥናት ልዩ ልዩ ካንሰር ያለባቸው 51 ሕሙማን ኩዌርሴቲን ወሰዱ። ሲስፕላቲን የተባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት ያልሠራላት አንዲት የኦቫሪ ካንሰር ታማሚ፣ በሽታውን ለመከታተል በደም ውስጥ የሚለካው የሲኤ 125 ፕሮቲን መጠኗ ከ295 ወደ 55 ወረደ። መጠኑን ከፍ ማድረግ ግን ኩላሊትን ጎዳ። የአንዲት ሴት ውጤት ለቀጣይ ጥናት ምክንያት ይሆናል፤ ሕክምና ለመባል ግን እጅግ ያንሳል።

ይበልጥ የሚያስተምረው የፌኖክሶዲዮል ታሪክ ነው። ከፍላቮኖይድ ወገን ከሆነ ውህድ የተሠራው ይህ መድኃኒት ሴሎች ኬሞቴራፒን እንዳይቋቋሙ ያደርጋል ተብሎ ትልቅ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ሆኖም ካርቦፕላቲን ከተባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት ጋር ተሰጥቶ 142 ሴቶችን ያካተተው የሦስተኛ ደረጃ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2009 ከታቀደው ጊዜ ቀድሞ ቆመ፤ መድኃኒቱ ከአስመሳይ ክኒን የተሻለ ጥቅም አላሳየም።

መከላከልን በተመለከተ የተገኘው መረጃ የተሻለ ቢሆንም አያስቸኩልም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ፣ 66,940 አሜሪካውያን ነርሶችን የተከታተለ ጥናት ብዙ ኬምፕፌሮል የሚመገቡት ጥቂት ከሚመገቡት ይልቅ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ40 በመቶ ያነሰ መሆኑን አገኘ። የተጠኑት ፍላቮኖይዶች ተደምረው ሲታዩ ግን ግንኙነቱ ግልጽ አልሆነም። ሻይና አትክልት የምታዘወትር ሴት በሌላም ልማዷ ልትለይ ስለምትችል፣ መንሥኤው ኬምፕፌሮል ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ለኦቫሪ ካንሰር ስለሚሰጠው የኬሞቴራፒ መድኃኒት «ፓክሊታክሰልም ከዛፍ ነው የመጣው» የሚል መከራከሪያ ይሰማል። እውነት ነው፤ ግን ፍላቮኖይድ አይደለም፤ ተጣርቶ፣ ተለክቶ፣ በሕሙማን ላይ ተፈትኖ የጸደቀ መድኃኒት ነው። ኩዌርሴቲን ራሱ ፓክሊታክሰልን የሚሰባብረውን የጉበት ኢንዛይም እንደሚያዳክም በቤተ ሙከራ ታይቷል። ሽንኩርትን መፍራት አያስፈልግም፤ የፍላቮኖይድ እንክብል የምትወስድ ታማሚ ግን ኬሞቴራፒ ከመጀመሯ በፊት ለሐኪሟ መንገር አለባት።