ክብደት ተሸክሞ መለማመድ ወደ ላይ የመዝለል አቅምን ያሳድጋል?

በመረብ ኳስ፣ በቅርጫት ኳስና በከፍታ ዝላይ ስፖርቶች አንድ አትሌት ከመሬት ምን ያህል መነሳት እንደሚችል ውጤቱን በእጅጉ ይወስናል። በዚህም ምክንያት አሠልጣኞች ስፖርተኞቻቸው የአሸዋ ከረጢት አሥረው ወይም ክብደት የተጨመረበት ሰደርያ ለብሰው እንዲዘሉ ያደርጋሉ። ይሁንና የልምምዱ ጠቀሜታ መመዘን ያለበት ክብደት ተሸክሞ በሚዘለለው ከፍታ ሳይሆን ክብደቱ ከወረደ በኋላ በሚገኘው ለውጥ ነው።

ተጨማሪ ክብደት የዝላይን ከፍታ ወዲያውኑ ይቀንሳል። ለምሳሌ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን አትሌት 40 ሴንቲ ሜትር ለመዝለል እግሮቹ ከመሬት በሚላቀቁበት ቅጽበት በሴኮንድ 2 ነጥብ 8 ሜትር ፍጥነት ሊኖረው ይገባል። ጉልበቱን አጥፎ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ካለ በኋላ የሚነሳ ከሆነ መሬቱን የሚገፋበት አማካይ ኃይል የክብደቱን እጥፍ ያህል ነው። ግማሹ ኃይል የራሱን ክብደት ለመሸከም ብቻ ሲውል፣ ወደ ላይ የሚያስወነጭፈው ቀሪው ግማሽ ነው። 6 ኪሎ ግራም ሲጨመርበት የሚሸረሸረው ይኸው ቀሪ ኃይል በመሆኑ ከፍታው በስሌት ወደ 33 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ክብደቱ የጨመረው በ10 በመቶ ሲሆን ከፍታው ግን በ18 በመቶ ያህል ቀንሷል ማለት ነው። በተግባር ጡንቻ ዝግ ብሎ ሲኮማተር የበለጠ ኃይል ስለሚሰጥ ቅናሹ ከስሌቱ በመጠኑ ሊያንስ ይችላል።

ጡንቻ ከለመደው በላይ የሆነ ጫና በተደጋጋሚ ሲገጥመው ራሱን ከጫናው ጋር ያጣጥማል። ጣሊያናዊው የስፖርት ሳይንስ ተመራማሪ ካርሜሎ ቦስኮና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 ይፋ ባደረጉት ጥናት አትሌቶች የሰውነታቸውን ክብደት 13 በመቶ ያህል የሚመዝን ሰደርያ ለሦስት ሳምንታት ከጠዋት እስከ ማታ እንዲለብሱ ተደርጓል። ከሰደርያው በኋላ የአትሌቶቹ ዝላይ ተሻሽሎ ተገኝቷል። በተመሳሳይ መንገድ የተገኘ መሻሻል ግን ወደ መደበኛው ሁኔታ ከተመለሱ ከሳምንታት በኋላ ወደ ቀድሞው ደረጃ የመመለስ አዝማሚያ እንደሚያሳይ ተከታዩ ጥናት አመልክቷል። ከዚህ አኳያ ሰደርያው የሚለበስበትን ብቻ ሳይሆን የሚወልቅበትን ጊዜ ከውድድሩ ቀን ጋር ማቀናጀት የሥልጠና ዕቅዱ አካል ሊሆን ይገባል።

የክብደቱ መጠንም ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ የስምንት ሳምንት ጥናት፣ ክብደት ተሸክመው ቁጢጥ በማለት ከሚዘሉ ሠልጣኞች መካከል በአንድ ጊዜ ማንሳት ከሚችሉት 30 በመቶውን የተሸከሙት በእንቅስቃሴ ፍጥነት መሻሻል አሳይተዋል፤ 80 በመቶ የተሸከሙት ግን በፍጥነት ረገድ ተመሳሳይ ጥቅም አላገኙም። ከባድ ሸክም ጥንካሬን ቢገነባም እንቅስቃሴውን ዝግ ያደርገዋል፤ ዝላይ ደግሞ ፍጥነትን ይሻል። በቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሠር ክብደት የእግርን እንቅስቃሴ ሊያዛባ ስለሚችል ከወገብ በላይ የሚለበስ ሰደርያ ይመረጣል። ያለ ክብደት ዘሎ በአግባቡ ማረፍን ያልተማረ ታዳጊ ደግሞ ለጉልበቱ ደኅንነት ሲባል ክብደት ባይሸከም ይሻላል።

ውጤቱን ለመመዘን ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አሜሪካዊው የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ዱድሊ ሳርጀንት እ.ኤ.አ. በ1921 ያስተዋወቀውና በስሙ የሚጠራው የዝላይ መለኪያ ዛሬም ያገለግላል። አትሌቱ ጣቱን ጠመኔ ቀብቶ ቆሞ የሚደርስበትንና ዘሎ የሚነካውን ቦታ በግድግዳ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የዝላዩ መጠን ነው። ሰደርያ እንደወለቀ የሚሰማው የመቅለል ስሜት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ልኬቱ ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊትና ከተጠናቀቀ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ያለ ክብደት፣ በአንድ ዓይነት ጫማና በተመሳሳይ ሰዓት፣ አትሌቱ ዕረፍት ካደረገ በኋላ መወሰድ ይኖርበታል።