ለሕፃን አዲስ ምግብ ስትሰጡ

«እንቁላል አበላሁት፥ ታመመብኝ፤ ሁለተኛ አላቀምሰውም» የምትል እናት ብዙ ናት። ለመሆኑ እንቁላሉ አልተስማማው ይሆን? ወይስ ጥፋቱ የእጅና የዕቃ ነው? ይህን ሳይለዩ እንቁላልና ወተት መከልከል ልጁን ያከሳዋል፤ ዕድገቱንም ያጓትተዋል።

አለርጂ የሚባለው የልጁ ሰውነት ደኅናውን ምግብ እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዋጋው ነው። ብዙ ጊዜ የሚያስነሡት እንቁላል፥ የላም ወተት፥ ለውዝ፥ ሰሊጥ፥ ስንዴና ዓሣ ናቸው። ምልክቱም ባብዛኛው ከጥቂት ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ይታያል፤ ቆዳው ሳማ እንደ ለበለበው ያብጣል፥ ያሳክከዋል፤ ከንፈሩና ዐይኑ ያብጣል፤ ያስመልሰዋል። በማግስቱ የሚመጣ ትኩሳትና ተቅማጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ካልታጠበ እጅ፥ ከቆሸሸ ኩባያ ወይም ካልፈላ ውኃ የመጣ ነው። ተቅማጡ ደም ካለው፥ ወይም ያንኑ ምግብ በበላ ቁጥር ከተመለሰ፥ ለጤና ባለሙያ አሳዩት።

እንግዲህ ለመለየት እንዲህ አድርጉ።

1ኛ፤ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ። ከ6 ወር በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ምግብ ይጀመርለት።

2ኛ፤ እጃችሁንና የልጁን እጅ በሳሙና ታጠቡ። ሳህኑና ማንኪያውም ንጹሕ ይሁን።

3ኛ፤ አዲሱን ምግብ አንድ በአንድ፥ ልጁ ደኅና በሆነበት ቀን፥ ጠዋት፥ በማንኪያ ጫፍ ጀምሩለት። እንቁላሉ በደንብ ይብሰል። ለውዙ ደቅቆ ከገንፎው ጋር ይደባለቅ፤ ፍሬውን ከሰጣችሁት ያንቀዋል።

4ኛ፤ 2 ሰዓት ያህል ተመልከቱት። ሌላ አዲስ ምግብ ከመጨመራችሁ በፊት 2 ወይም 3 ቀን ቆዩ።

ከተስማማው ደጋግማችሁ ስጡት፤ ማዘግየት አይጠቅመውም። በእንግሊዝ አገር ተደርጎ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፥ ለአለርጂ ከተጋለጡ ሕፃናት መካከል ለውዝ ቀደም ብለው የጀመሩት ከተከለከሉት ይልቅ የለውዝ አለርጂ እጅግ ያነሰባቸው መሆኑን አሳይቷል። ቆዳው በብርቱ የሚቆስል ልጅ ግን አስቀድሞ የጤና ባለሙያ ይየው።

ምልክት ካያችሁ ያንን ምግብ ብቻ አቁሙ፤ ለሙከራም ብላችሁ በቤት አትድገሙት። ምርመራው የሐኪም ሥራ ነው። ከምግቡ የተዘጋጀ ጠብታ ክንዱ ላይ አድርጎ ቆዳውን በመርፌ ጫፍ ነካ ያደርገዋል፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይቶ እብጠቱን ይለካል። የደም ምርመራም አለ። ነገር ግን ምርመራው ብቻውን አይበቃም፤ ልጁ ምን እንደ በላና ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደ ታመመ ከእናቱ መስማት ያስፈልጋል። ስለዚህ ያያችሁትን ልብ ብላችሁ ያዙ።

ትንፋሽ ካጠረው፥ ድምፁ ከታፈነ ወይም ከዛለ ግን «እስኪ ይሻለው እንደሆነ» ብላችሁ አትጠብቁ። ያኔውኑ ይዛችሁት ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።