የ12ኛ ክፍል ተፈታኝን ከሩቅ ሆኖ ማገዝ

ብዙዎቻችን ከደመወዛችን ከፍለን የምናስተምረው ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት አለን። 12ኛ ክፍል ሲደርሱ ጭንቀቱ እኛም ዘንድ ይመጣል። ቢጨንቀንም አይገርምም፤ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 4 እንኳ አልሞሉም። እኔ የተማርኩት እስከ 8ኛ ክፍል ብቻ ነው። ታናሽ እህቴን ግን ከቤይሩት በስልክ ሳግዝ ያወቅሁትን ላካፍላችሁ፤ በተለይ ስለ አፕቲቲዩድ።

አፕቲቲዩድ እንደ ባዮሎጂ ወይም ታሪክ የሚሸመደድ ምዕራፍ የለውም። የሚለካው የማሰብ ችሎታን ነው። አንዱ ክፍል የቋንቋ፣ ሌላው የቁጥር ነው፤ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ይቀርባል። ለምሳሌ፦ 200 ብር የነበረ ዕቃ 10 ከመቶ ጨመረ፤ ቀጥሎ 10 ከመቶ ቀነሰ። አሁን ስንት ነው? የቸኮለ 200 ይላል። ነገር ግን ዋጋው መጀመሪያ 220 ሆኗል፤ የ220 10 ከመቶ 22 ስለሆነ መልሱ 198 ነው። ይህን የሚያስገኘው ልምምድ ነው።

እህቴ የተለማመደችው እንዲህ ነው፦

1. በየቀኑ 30 ደቂቃ። ቅዳሜን ሙሉ ከመቀመጥ በየቀኑ ጥቂት መሥራት ይሻላል።

2. ሰዓት ይዞ መሥራት። ከበድ ያለውን ጥያቄ ምልክት አድርጎ ማለፍ፣ በመጨረሻ መመለስ።

3. የስህተት ደብተር። ከእያንዳንዱ ስህተት አጠገብ ምክንያቱን ትጽፋለች፦ አላወቅሁትም፣ ጥያቄውን በትክክል አላነበብኩም፣ ወይም ሰዓት አለቀብኝ። ያላወቀችውን መምህሯን ትጠይቃለች፤ በችኮላ የሳተችውን ረጋ ብላ ደግማ ትሠራለች።

4. በየቀኑ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ ማንበብና አዲስ ቃላትን በዓረፍተ ነገር መጻፍ።

የእኔ ድርሻ በእረፍት ቀኔ ደውዬ "እስቲ አንዱን ጥያቄ አስረጂኝ" ማለት ነበር። መልሱን ማወቅ አልነበረብኝም። እኔ እስኪገባኝ ድረስ ካስረዳችኝ፣ እሷ አውቃዋለች ማለት ነው።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ ልንገራችሁ። በቴሌግራም "የፈተናው መልስ አለን፣ ብር ላኩ" ለሚሉ አንድ ሳንቲም እንዳትልኩ። የሚፈልጉት የእናንተን ላብ ነው። ከገንዘብ በላይ የሚጠቅመው ጊዜ ነው። እናቴን የለመንኳት "ማታ ማታ ለሁለት ሰዓት ውኃ ቅጂ፣ ሕፃን ያዢ አትበሏት" ብዬ ነው። የራስ የሚባል ሰዓት ማጣት ምን እንደሆነ እኛ እናውቃለን።

ለፈተና ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ተማሪዎች ለቀናት ይቆያሉ፤ ስልክም ይዘው መግባት አይፈቀድላቸውም። ስለዚህ ከመሄዳቸው በፊት ደውሉ። ያን ቀን "እዚህ የምሰቃየው ለአንቺ ስል ነው" አትበሉ፤ ያ ሸክም ፈተናው ወረቀት ላይ ይቀመጣል። "ያለማመድሽውን ሥሪ፤ ውጤቱ ምንም ቢሆን እህትሽ ነኝ" በሏት። ውጤቱ ቢያንስ እንኳ የማካካሻ ትምህርትና የሙያ ማሠልጠኛ አለ፤ እህትነት ግን በማርክ አይለካም።