ፌኖባርቢታል ለነርቭ ሕመም ይበጃልን?

እግርን የሚያቃጥል፣ እንደ መርፌ የሚወጋና እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም የነርቭ ጉዳት ምልክት ሊኾን ይችላል። የስኳር ሕመም፣ አልማዝ ባለጭራ እና የሥጋ ደዌ ከመንስኤዎቹ መካከል ናቸው። ለዚህ ሕመም ማስታገሻ ብሎ ለሚጥል በሽታ የታዘዘ ፌኖባርቢታልን ከሌላ ሰው ተካፍሎ መውሰድ አደገኛ ነው።

ፌኖባርቢታል ባርቢቹሬት ከሚባሉት አደንዛዥ መድኃኒቶች ይመደባል። ጀርመናዊው ሐኪም አልፍሬድ ሃውፕትማን በ1912 እ.ኤ.አ የሚጥል በሽታን እንደሚገታ ያስታወቀ ሲኾን ዛሬም ለዚሁ ሕክምና ያገለግላል። መድኃኒቱ "ጋባ" የተባለውን የአንጎል ኬሚካል ሥራ በማጠናከር የነርቭ ሕዋሳትን ያረጋጋል። ኾኖም ማደንዘዝ የተጎዳ ነርቭን ማከም አይደለም። በነርቭ ሕመም ላይ የተደረጉ ጥናቶች ይበልጥ የሚደግፉት እንደ አሚትሪፕቲሊን እና ጋባፔንቲን ያሉትን ነው፤ ለፊት ነርቭ ሕመም ደግሞ ካርባማዜፒን ይመረጣል።

ፌኖባርቢታል ከአልኮል ጋር ከተወሰደ ትንፋሽን እስከ ማቆም ሊያደርስ ይችላል፤ የእርግዝና መከላከያ እንክብልንም ያዳክማል። አካፋዩም ከጉዳት አያመልጥም፤ መድኃኒቱ አልቆበት በድንገት ካቋረጠ የሚጥል በሽታው በርትቶ ሊመለስበት ይችላል።

እግሩን የሚያቃጥለው ወይም የሚያደነዝዘው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ የደም ስኳሩን በመመርመር መንስኤውን ቢያውቅ ይበጀዋል።