ምዕራፍ ስድስት፦ ልጁ ሰንጢውን ለምን ያዘ?

አንድ ተማሪ ቦርሳ ውስጥ ሰንጢ ወይም ሽጉጥ ተገኘ ሲባል የሁላችንም ሐሳብ ወደ አንድ ነገር ይሮጣል፤ ልጁ ሰው ሊገድል ነበር ብለን እንደመድማለን። አሜሪካ ውስጥ ላለፉት ሠላሳ ዓመታት የተሰበሰበው መረጃ ሌላ ታሪክ ይነግረናል። እንዲህ ያሉ ልጆች ለምን እንደያዙ ሲጠየቁ በብዛት የሚሰጡት መልስ «ራሴን ልከላከል» የሚል ነው።

የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ከ1991 ጀምሮ (እዚህ ምዕራፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በየሁለት ዓመቱ የሃይስኩል ተማሪዎችን ስማቸውን ሳያጽፍ ይጠይቃል። ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ ሽጉጥ፣ ጩቤ ወይም ዱላ ይዘህ ትምህርት ቤት ገብተህ ታውቃለህ ወይ የሚል ነው። በ1993 ከመቶ ተማሪ 12 ያህሉ «አዎ» ብለው ነበር። በ2019 ቁጥሩ ወደ 3 ወርዷል። ትልቅ ለውጥ ነው። ያም ሆኖ አንድ ሺህ ተማሪ ባለበት ትምህርት ቤት ሠላሳ ያህል ልጆች ማለት ነው፤ እነዚህን ሁሉ ነፍሰ ገዳይ አድርጎ ማየት ልክ ሊሆን አይችልም።

ታዲያ እነማን ናቸው? በ2017 ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ከ15 ሺህ በላይ ተማሪዎች በ2015 የሰጡትን መልስ መርምሯል። ጉልበተኞች የሚያጠቁት ልጅ መሣሪያ ይይዛል የሚለው ግምት በከፊል ብቻ እውነት ሆኖ ተገኘ። መሰደብና መገለል ብቻ የደረሰበት ልጅ ከሌሎች ያን ያህል አይለይም። ዕድሉ ከፍ የሚለው በዚያ ላይ ሌላ ነገር ሲጨመር ነው፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ከተደባደበ፣ በመሣሪያ ከተዛተበት ወይም ከቆሰለ፣ ወይም ፈርቶ ከትምህርት ከቀረ። ሦስቱም የደረሱበት ልጅ መሣሪያ የመያዝ ዕድሉ በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

ከሦስቱ ለወላጅ ዓይን በይበልጥ የሚታየው መቅረቱ ይመስለኛል። ሰኞ ጠዋት ሆዴን አመመኝ ይላል። ማክሰኞ አውቶቡሱ አመለጠኝ ይላል። ማታ ደግሞ ልጅዎ ዛሬ ትምህርት ቤት አልተገኘም የሚል ስልክ ከትምህርት ቤቱ ይመጣል። ሁለት ሥራ ይዞ ደክሞ የገባ አባት ይህን ስንፍና ነው ብሎ ቢቆጣ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ልጁ ሊነግረው ያልቻለውን ነገር ያን ማታ ጭራሽ ቆልፎበታል። ከቁጣው በፊት «መንገድ ላይ ማን አለ?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል። ብዙውን ጊዜ ስጋቱ ያለው ክፍል ውስጥ ሳይሆን አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ፣ ሽንት ቤት ውስጥ፣ ወደ ቤት በሚመልሰው ጎዳና ላይ ነው። ለመንገድ ብሎ የያዘውን ሰንጢ ልጁ በር ላይ አስቀምጦ የሚገባበት ቦታ የለውም፤ ስለዚህ ይዞት ክፍል ይገባል።

ለምን ለአስተማሪ አይናገርም? «አሳባቂ» መባልን ይፈራል። ቢናገር ደግሞ ትልልቆቹ ጉልበተኛውን አንድ ቀን ቀጥተው እንደሚተዉትና በማግስቱ ጉልበተኛው የሚጠብቀው እሱን ብቻ እንደሆነ ያውቃል። ይህ ስሌት ከልጅነት የመጣ የዋህነት አይደለም፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች እውነት ነው። ስሌቱ የሚሳሳተው መሣሪያው ያድነኛል የሚለው ላይ ነው። በቡጢ ሊያበቃ የነበረው ጠብ ስለት ሲገባበት በሞት ሊያበቃ ይችላል፤ የሚሞተውም ይዞ የመጣው ራሱ ሊሆን ይችላል።

ለማጥቃት አስበው የሚይዙ ጥቂቶችም አሉ፤ ስለ እነሱ ዝም ማለት አይቻልም። ሚሺጋን ውስጥ ኦክስፎርድ ሃይስኩል ኖቬምበር 30 ቀን 2021 ጠዋት አንዲት አስተማሪ የ15 ዓመት ተማሪ የሒሳብ ወረቀቱ ላይ የሳለውን አየች፤ ሽጉጥ፣ ደም፣ ከጎኑም እርዱኝ የሚሉ ቃላት። ወላጆቹ ተጠሩ። ልጁን ወደ ቤት ይዘውት አልሄዱም፤ ትምህርት ቤቱም አልገፋም። ቦርሳው እዚያው ነበር፤ ማንም አልከፈተውም። አባቱ ከአራት ቀን በፊት የገዛው ሽጉጥ ውስጡ ነበር። ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ተኩስ ተከፈተ፤ አራት ተማሪዎች ሞቱ። በ2024 አባትና እናት በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተብለው እያንዳንዳቸው ከ10 እስከ 15 ዓመት ተፈረደባቸው።

ይህን ታሪክ የመረጥኩት ዘግናኝነቱን ፈልጌ ሳይሆን ሽጉጡ ከቤት የመጣ በመሆኑ ነው። ሴክሬት ሰርቪስ የተባለው የፌዴራል የጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2019 ባወጣው ሪፖርት ከ2008 እስከ 2017 የደረሱ 41 የትምህርት ቤት ጥቃቶችን መርምሮ ነበር። ሽጉጥና ጠመንጃ ከተጠቀሙት አጥቂዎች ሦስት አራተኛው ያህል መሣሪያውን ያገኙት ከወላጅ ወይም ከቅርብ ዘመድ ቤት ነው፤ በብዙ አጋጣሚዎችም በቀላሉ ከሚደረስበት ቦታ። ሌሊት ታክሲ ወይም ነዳጅ ማደያ የሚሠራ ሰው ለራሱ ደህንነት ብሎ ሽጉጥ ቢገዛ ምክንያቱ ይገባኛል። ያ ሽጉጥ ግን ተራግፎ ካዝና ውስጥ ይቆለፍ፤ ጥይቱ ሌላ ቦታ ይቆለፍ፤ የካዝናው ቁጥርም የልጁ የልደት ቀን አይሁን።

ልጁ ይዞ ከተገኘስ? የ1994ቱ የፌዴራል ሕግ የጦር መሣሪያ ትምህርት ቤት ያመጣ ተማሪ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲባረር ያዝዛል። ሰንጢን በሚመለከት ደንቡ እንደየአካባቢው ይለያያል። ብዙ ወላጆች የማያውቁት ነገር፣ ያው የ1994ቱ ሕግ የትምህርት አካባቢው ኃላፊ የእያንዳንዱን ልጅ ጉዳይ ለይቶ አይቶ ቅጣቱን ሊያሻሽል እንደሚችል መፍቀዱን ነው። ልጁ ለምን ያዘ የሚለው ጥያቄ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። ዛቻ ደርሶበት ከሆነ መልእክቶቹን፣ የቀረባቸውን ቀናት፣ ከዚህ በፊት ለትምህርት ቤቱ የቀረበ አቤቱታ ካለ እሱንም ይዞ መቅረብ ያስፈልጋል።

ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የተነሳ አንድ የፍርድ ጉዳይም አለ። በ1975 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ጎስ በሎፔዝ ላይ በተባለው ክርክር፣ ተማሪ ለጥቂት ቀናት እንኳ ሲታገድ የተከሰሰበት ነገር ሊነገረውና የራሱን ወገን እንዲያስረዳ ዕድል ሊሰጠው እንደሚገባ ወሰነ። ትምህርት ቤቱ ስለ ጉዳዩ በሚጠራው ስብሰባ ላይ ደግሞ ልጁን አስተርጓሚ አድርጋችሁ አትቀመጡ። ፈርቶ የደበቀውን ነገር ራሱ ተርጉሞ እንዲናገር ማድረግ ነውና ግማሹ እዚያው ይቀራል። የሕዝብ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ ብቁ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ቀጠሮ ሲሰጣችሁ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ጥያቄውንም በጽሑፍ አድርጉት።