ነጻው ግማሽ ሰዓት፦ ከንግድ ጠበቃ ጋር ስለሚደረገው የመጀመሪያ ምክክር

በአሜሪካ ከተሞች፣ ይልቁንም ብዙ ወገኖቻችን ምግብ ቤትና የባልትና ሱቅ ከፍተው በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ፣ የንግድ ነገር የሚመለከቱ ጠበቆች ካስለመዷቸው ሥርዓቶች አንዱ፣ አዲስ ባለጉዳይን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ዋጋ ተቀብሎ ማነጋገር ነው። ንግግሩ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንድ ጊዜም አንድ ሰዓት የሚቆይ ሲሆን፣ ጠበቃው በፈቃዱ የሚሰጠው እንጂ ሕግ ያዘዘበት ግዴታ ስላልሆነ፣ ቀጠሮ የሚይዝ ሰው ስንት ደቂቃ እንደ ተፈቀደለትና ደቂቃው ሲያልፍ ሒሳብ ይጀምር እንደ ሆነ አስቀድሞ ጠይቆ መረዳት ይገባዋል።

የዚህን ልማድ ጠባይ ለማወቅ ጥቂት ወደ ኋላ መመልከት ይጠቅማል። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1908 ባወጣው የሥነ ምግባር ቀኖና፣ ለሙያው ክብር ሲል ጠበቃ በማስታወቂያ ባለጉዳይ እንዳይጠራ ከልክሎ ነበርና፣ ሕግ አዋቂውና ነጋዴው የሚተዋወቁት በአብዛኛው በዘመድና በወዳጅ አማካይነት ነበር። በ1976 ግን በአሪዞና ግዛት በፊኒክስ ከተማ፣ ጆን ቤትስና ቫን ኦስቲን የተባሉ ሁለት ወጣት ጠበቆች የአገልግሎታቸውን ዋጋ በጋዜጣ በማሳተማቸው ተከሰሱ፤ ነገሩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ1977 ዳኞቹ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ ሐሰት የሌለበት የጠበቃ ማስታወቂያ በሕገ መንግሥቱ ጥበቃ ሥር ነው ሲሉ ፈረዱ። ከዚያ ወዲህ ጠበቆች በአደባባይ መወዳደር ጀመሩ፤ «የመጀመሪያው ምክር በነጻ» የሚለውም ቃል የማስታወቂያዎቻቸው የዘወትር ጌጥ ሆነ። እንግዲህ ይህን ግማሽ ሰዓት እንደ ምጽዋት የሚቆጥር ሰው ይሳሳታል፤ ጠበቃው ባለጉዳዩን፣ ባለጉዳዩም ጠበቃውን የሚመዝኑበት ትውውቅ ነውና። ለመክፈል አቅም ለሌላቸው አነስተኛ ነጋዴዎች የዲሲ ጠበቆች ማኅበር በበጎ ፈቃድ ጠበቆች ነጻ ምክር የሚያሰጥበት ክሊኒክ ለብቻው አለው።

ወደዚህ ትውውቅ ከሚቀርቡት ጉዳዮች ሁሉ ብዙ ጥንቃቄ የሚያሻው፣ ሊዝ እየተባለ የሚጠራው የንግድ ቤት ኪራይ ውል ነው። ነጋዴው ድርጅቱን ኤል ኤል ሲ በተባለው፣ ዋዮሚንግ ግዛት በ1977 በሕግ ባቋቋመችውና በኋላ በአገሩ ሁሉ በተስፋፋው የማኅበር ዓይነት የሚያስመዘግበው፣ የድርጅቱ ዕዳ መኖሪያ ቤቱንና ጥሪቱን እንዳይነካበት ተማምኖ ነው፤ ነገር ግን አከራዩ ከውሉ ጋራ የግል ዋስትና የሚል ገጽ አያይዞ ሲያስፈርመው፣ ያ ጥበቃ በኪራዩ ረገድ በአንድ ፊርማ ይቀራል፤ ለዐሥር ዓመት የተዋዋለው ምግብ ቤት በሁለተኛው ዓመት ቢዘጋም፣ አከራዩ ያልተከፈለውን ኪራይ ከባለቤቱ ኪስ ሊጠይቅ ይችላል። ልምድ ያለው ነገረ ፈጅ ይህን ዋስትና በጊዜ ወይም በገንዘብ መጠን ለማስወሰን፣ ወይም ነጋዴው አስቀድሞ አስታውቆ ቁልፉን ያስረከበ እንደ ሆነ ዋስትናው ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲቆም ለማድረግ ይደራደራል፤ ይህ ሁሉ ግን የሚሆነው ከፊርማው በፊት ነው። በመተማመን ብቻ የተጀመረ ሽርክና፣ ማለት አንዱ ገንዘቡን ሌላው ጉልበቱን አዋጥቶ ኦፕሬቲንግ አግሪመንት የሚባለው የመተዳደሪያ ውል ሳይጻፍ የተከፈተ ሱቅ፣ እንዲሁም የቀድሞ ባለቤቱ የግብር ውዝፍና የባንክ መያዣ ሳይመረመር የሚገዛ ንግድ፣ ወደ ጠበቃ ዘንድ በጊዜ ሊደርሱ የሚገባቸው ናቸው።

በቢሮው ውስጥ መጀመሪያ የሚነገረው የባላንጣው ወይም የተዋዋዩ ወገን ስም ነው፤ ጠበቃው ምናልባት የአከራዩ ጠበቃ ሆኖ ቢገኝ ምስጢር ከመስማቱ በፊት ራሱን እንዲያገል ነው። ይህ ከተጣራ በኋላ ግን መሸሸግ አይጠቅምም፤ በነፍስ አባቱ ፊት ተቀምጦ ቀላሉን ኃጢአት ተናግሮ ከባዱን የሚያስቀር ሰው ንስሐው እንደማይረዳው ሁሉ፣ ያልከፈለውን ግብር ወይም የፈረመውን ወረቀት የሚሰውር ነጋዴም ምክሩ አይረዳውም። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በ2002 በአርአያ ደንቡ ላይ የጨመረው አንቀጽ፣ ገና ደንበኛ ያልሆነ ሰው ለምክር ቀርቦ የተናገረውን ጠበቃው እንዲጠብቅ ያዛል። ዳሩ ግን ጉዳዩ የማይመለከተው ወዳጅ ወይም ዘመድ አብሮ ቢቀመጥ የምስጢሩ ጥበቃ ሊጓደል ስለሚችል፣ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ሰው ይህን ቀድሞ ለጠበቃው ነግሮ ሥርዓቱን መጠየቅ ይሻለዋል።

ግማሽ ሰዓት አጭር ስለሆነ፣ የነገሩ ታሪክ ከነቀኑ በአንድ ገጽ ተጽፎ፣ ውሎቹና የተላኩ ደብዳቤዎችም በቅደም ተከተል ተደርድረው አስቀድመው ቢላኩ፣ ጊዜው በትረካ ሳይሆን በምክር ያልቃል። ጥያቄም ጥቂት ይበቃል፤ የሚያሰጋኝ ከሁሉ የበለጠ አደጋ የቱ ነው፣ በዚህ ሳምንት ምን ማድረግ ወይም አለማድረግ ይገባኛል፣ ጉዳዩን ብትይዙልኝ ማን ይሠራዋል፣ ዋጋውስ በሰዓት ነው ወይስ በቁርጥ? ቅድሚያ ክፍያ የሚጠየቅ ከሆነም ያልተሠራበት ገንዘብ ይመለስ እንደ ሆነ መጠየቅ ነውር የለበትም። በዚያው ሰዓት ሙሉ ውል ይጻፍልኝ ብሎ መጠበቅ ግን የጠበቃውን ሥራ አለማወቅ ነው።

ጠበቃውና ባለጉዳዩ የአገልግሎት ውል ተፈራርመው ጠበቃው ጉዳዩን በግልጽ እስኪቀበል ድረስ፣ ነጋዴው ጠበቃ አለኝ ብሎ መዘናጋት አይገባውም፤ ለክስ መልስ የተወሰነው ቀን ምክር በመጠየቁ ብቻ አይራዘምለትምና። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በዚያ አገር ንግድ ለመክፈት ያሰብህ እንደ ሆነ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጠበቆችን በዚህ መንገድ አነጋግረህ፣ ፈቃዳቸው የጸና መሆኑን ከግዛቱ የጠበቆች መዝገብ አረጋግጠህ፣ ከዚያ አንዱን ምረጥ፤ የኪራይ ውሉንም ሳትፈርም ውሰድለት።